በሩ ወዴት ይከፈት?

ነገሩ የጀመረው በአንድ በር ነው። ተራ የብረት በር ነው፤ ግራጫ ቀለም የተቀባ፣ ከላይ ትንሽ መስታወት ያለው። ወደ ውጭ ሲከፈት የመንገድ መሥሪያ ቤቱ ይቆጣል፤ ወደ ውስጥ ሲከፈት የእሳት አደጋ መከላከያው ይቆጣል። የሁለቱም ምክንያት ደግሞ እውነት ነው። የሚያናድደው እሱ ነው፤ ለሚመረምረው ሰው ግን የሚጥመውም እሱ ነው።

እስቲ ቀስ ብለን እንየው። እሳት ሲነሳ ሰው አያስብም፤ ይገፋል። በሩ ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነ የፊተኛው ሊስብ ሲታገል የኋለኛው እየገፋ በሩ ላይ ይለጥፈዋል። ስለዚህ የእሳት አደጋው ደንብ ውሃ እያፈላ እንፋሎት የሚያወጣ ቦይለር ያለበት ቤት በሩ ወደ ውጭ ይከፈት ይላል። ቤቱ ያለው ግን ጠባብ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ላይ ነው። በሩ ድንገት ወደ ውጭ ሲወረወር በዚያ የሚያልፍ ሰው ግንባሩን ይመታል። ስለዚህ የመንገዱ ደንብ ማንኛውም በር ወደ እግረኛ መንገድ አይከፈት ይላል። ሁለት ትክክለኛ ደንቦች፣ አንድ በር።

የበሩ ባለቤት በአንድ ሆቴል ምድር ቤት ውስጥ የእንግዳ ልብስ ሲተኩስ ዕድሜውን ያጋመሰ ሰው ነው። የሥራ ጓደኞቹ «ካውያው» ይሉታል። የራሱን ላውንደሪ ሊከፍት ያቺን ቤት ተከራየ፤ ቦይለሩን ተከለ፤ ማጠቢያዎቹን አስገባ፤ ፈቃድ ጠየቀ። የእሳት አደጋው ተቆጣጣሪ መጣና በሩን ወደ ውጭ አስገለበጠው። የመንገዱ ተቆጣጣሪ መጣና ወደ ውስጥ አስመለሰው። የበሩ መቃን በውስጥም በውጭም የማጠፊያ ጠባሳ ተሸክሞ ቀረ። ብየዳ ሠራተኛው እንኳ ሁለተኛውን ማጠፊያ ሲበይድ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ «ሦስተኛ ከጠራኸኝ ጣራው ላይ ነው የምገጥምልህ። እዚያ የሚቆጣህ አየር መንገድ ብቻ ነው!» ብሎት ነበር።

ካውያው አልሳቀም። አከራዩ ሌላ ተከራይ አግኝቷል። «እስከ ዓርብ ቀትር ፈቃድህን አሳየኝ፤ ካለዚያ ቁልፉን ታስረክበኛለህ» ብሎታል። ቦይለር ደግሞ እንደ አልጋ አንስተው ሌላ ቤት የሚያደርሱት ነገር አይደለም።

በዚህ ሁኔታ ነው ወደ ማዕከላዊው የፈቃድ መሥሪያ ቤት መስኮት የቀረበው። ከመስኮቱ ጀርባ ደግሞ የዚህ ታሪክ ባለቤት ቆማለች።

ሥራዋ አስተባባሪነት ነው። መሥሪያ ቤቱ ሲቋቋም ተስፋው ትልቅ ነበር። ድሮ ነጋዴ ፈቃድ ለማውጣት ከተማውን ከጫፍ ጫፍ ያካልል ነበር፤ እሳት አደጋ ወዲያ ማዶ፣ መንገድ ወዲህ ማዶ፣ ውሃና ፍሳሽ ቁልቁለቱ ላይ። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ። አሁን የሁሉም ተወካዮች አንድ ሕንፃ ውስጥ ገቡ፤ ለነጋዴው አንድ መስኮት ብቻ ተከፈተለት። አስተባባሪዋ ያን መስኮት በራሷ እጅ ነበር የወለወለችው። እና ካውያው ጠጋ ብሎ የጠየቃት ጥያቄ አንድ ነው።

«እህቴ፣ ሌላ ነገር አልፈልግም። በሬን ወዴት ልክፈተው?»

ፋይሉን ተቀብላ ገለጠችው።

«ላጣራልዎት» አለችው።

«እስከ መቼ?»

«ነገ...»

«ነገ ሐሙስ ነው» አለ ካውያው። «ከነገ ወዲያ ዓርብ ነው። ልቁጠርልሽ ብዬ አይደለም እህቴ፤ እኔ ራሴ እንዳልረሳው ነው።»

አስተባባሪዋ ፋይሉን ለመልእክተኛ አልሰጠችም፤ ራሷ ይዛው ወጣች። ሁለተኛ ፎቅ ላይ የእሳት አደጋው ተቆጣጣሪ ተቀምጧል፤ ትልቅ ሰው ነው፤ በየኮሪደሩ የተቀመጠውን የማጥፊያ ጣሳ ሳይነቀንቅ ስለማያልፍ «ጋሼ ጣሳ» ይሉታል። «መንገዶች ይፈርሙና አምጪው፤ እኔ ችግር የለብኝም» አላት። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለው የመንገዱ ተቆጣጣሪ ቀጭን፣ ከወንበሩ ጫፍ ላይ የሚቀመጥ ሰው ነው። «እሳት አደጋ ይፈርምና እኔ ምን ቸገረኝ?» አለ። የፍሳሽ ባለሙያዋ ደግሞ ከእሱ ክፍል ትይዩ ናት። «የኔ እናት፣ ሁለቱ ከተስማሙ እኔ ምን አግዳለሁ?»

ደረጃው መታጠፊያ ላይ ቆመች። ያኔ ነው የገባት፤ እኔም ይህን ታሪክ ስሰማ በጣም የወደድኩት እዚህ ጋ ያለውን ነው። ሁላችንም ችግሩ ርቀት ይመስለን ነበር፤ መሥሪያ ቤቶቹ ስለተራራቁ ነው እንል ነበር። ቢሮዎቹ ተቀራረቡ፤ ፋይሉ ግን ያንኑ ዙር ይዞራል፤ ልዩነቱ ድሮ በአውቶቡስ፣ አሁን በደረጃ መሆኑ ነው። የሚያዞረው ርቀት አይደለም። ማንም ሰው የመጀመሪያው ፈራሚ መሆን አይፈልግም። ነገ አንድ ነገር ቢደርስ «ማን ነው በር የከፈተለት?» ተብሎ የሚፈለገው የመጀመሪያው ፊርማ ነው። ሁለተኛው «እሱ ስለፈረመ ነው» ይላል። ስለዚህ ሁሉም ሁለተኛ መሆን ይፈልጋል። ሁሉም ሁለተኛ የሆነበት ሰልፍ ደግሞ አይንቀሳቀስም።

ወደ ኃላፊው ቢሮ ገባች። ኃላፊው ክፉ ሰው አይደለም፤ ጥንቁቅ ነው።

«ሦስቱን በአንድ ላይ ይዣቸው ልሂድ» አለችው። «ቤቱ ድረስ። በአንድ ሰዓት፣ በአንድ በር ላይ ይቁሙ።»

«መመሪያ አለሽ?»

«የለኝም።»

«በየራሳቸው ቀን ነው የሚሄዱት። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው።»

«ለዚያ ነው በሩ ሁለት ጊዜ የተገለበጠው ጋሼ። አንዱ የሠራውን ሌላው አላየውም።»

ኃላፊው እስክሪብቶውን ከፈተ፣ ከደነ፣ ከፈተ። «እሺ። አንድ ጊዜ። ዓርብ ጠዋት። እዚያ ተጣልተው ከተመለሱ ግን ይህን ነገር ሁለተኛ አታነሺብኝም። ሰውየውም መልሱ ‹አይሆንም› እንደሆነ ይነገረዋል። ተግባባን?»

ተግባቡ። አሁን ቢበላሽ የሚበላሸው የእሷ ሐሳብ ብቻ አይደለም፤ የሰውየው ቤትም አብሮ ነው። ሳትነካው ብትተወው ኖሮ ቢያንስ «ይጠብቁ» ይባል ነበር። አሁን «አይሆንም» የሚል ቃል በሩ ላይ ቆሟል።

የምትኖረው ከእናቷ ጋር ነው። እናቷ የልብስ ስፌት ባለሙያ ናቸው፤ ዓይናቸው ስለደከመ መርፌ ማስገባቱን ትተዋል፤ መቁረጡን ግን አልተዉም። አስተባባሪዋ ያደገችው ከመቁረጫ ጠረጴዛው ሥር፣ ከቁርጥራጭ ጨርቅ መሃል ነው። ዓርብ ጠዋት ጫማዋን አስራ ፈታች፤ እንደገና አሰረች።

«ምን ሆነሻል? ልትዳሪ ነው?» አሉ እናቷ።

«ሦስት ሰዎች ላስማማ ነው እማዬ። የሁሉም ደንብ ትክክል ነው፤ አንድ ላይ ግን አይገቡም።»

«ጨርቁ አነሰ በይኛ።»

«እንደዚያ በይው።»

«ጨርቅ ሲያንስ ሞኝ መቀስ ያነሳል» አሉ እናቷ፣ መነጽራቸውን እየፈለጉ። መነጽሩ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። «አስምሪ፤ አዙሪ፤ እንደገና አስምሪ። መስመር ይጠፋል፤ የተቆረጠ አይቀጠልም። አንቺ ደግሞ ከልጅነትሽ ጀምሮ ችኩል ነሽ፤ የኔን ቀሚስ እንዴት እንዳደረግሽው...»

«እማዬ፣ ረፈደብኝ!»

ከጠረጴዛው ላይ አንድ እፍኝ የስፌት ጠመኔ አፍሳ ቦርሳዋ ውስጥ ጨመረች። ምን እንደምታደርግበት ገና አላወቀችም። እጇ ግን አውቋል።

ላውንደሪው ጋ ስትደርስ ካውያው ደጁ ላይ ቆሟል፤ ሸሚዙ እንደ ወረቀት ቀጥ ብሏል፤ ፊቱ ግን ተጨማድዷል። ማዶ ካለው ጥላ ሥር አከራዩ ከአዲሱ ተከራይ ጋር ቆሞ የቤቱን ፊት በጣቱ ያሳየዋል፤ ምልክት የሚሰቀልበትን ቦታ ሳይሆን አይቀርም። ጋሼ ጣሳና የፍሳሽ ባለሙያዋ መጥተዋል። የመንገዱ ሰው የለም። ጠበቁ። ጥላው ከማዶው ግድግዳ እየሸሸ ነው። በመጨረሻ እያለከለከ መጣ፤ እንደተለመደው የእናቱ መቀነት አደናቅፎት ነበር።

ጠቡ ወዲያው ተነሳ።

«ወደ ውጭ» አለ ጋሼ ጣሳ።

«በሰው ግንባር ላይ?» አለ የመንገዱ ሰው።

«ከሚቃጠል ሰው የሚያብጥ ግንባር ይሻላል።»

«እሳቱ በዓመት አንዴም ላይመጣ ይችላል፤ መንገደኛው ግን አሁን እያለፈ ነው። ይኸው! እዩዋት!» አንዲት ሴትዮ ገበያዋን ተሸክማ በመሃላቸው አለፈች።

«እሳት ቀጠሮ አይዝም ልጄ።»

«ልጄ አይበሉኝ፤ እኔም ተቆጣጣሪ ነኝ።»

ካውያው በአስተባባሪዋ ጆሮ፣ «ከድጡ ወደ ማጡ ነው እህቴ» አላት በለሆሳስ። እውነቱን ነው። ሁለቱ ተራ በተራ ሲመጡ ቢያንስ አይጣሉም ነበር።

ያኔ ነው ቦርሳዋን የከፈተችው። አንድ ቃል ሳትናገር በጉልበቷ ተንበረከከች፤ በሩን ወደ ውጭ እስከ መጨረሻው ከፈተችና ጫፉ የሚሄድበትን መንገድ በጠመኔ የእግረኛው መንገድ ላይ አሰመረችው። የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ወጣ።

«ይሄ ነው የእርስዎ መንገድ ላይ የማይፈለገው?» አለችው የመንገዱን ሰው።

«አዎ። እሱ ነው። እሱ ብቻ ነው።»

«በሩ ወደ ውጭ መከፈቱ አይደለም እንግዲህ። መንገዱ ላይ መድረሱ ነው።»

ሰውየው ጎንበስ ብሎ መስመሩን አየው። እኔን ብትጠይቁኝ የዚህ ሁሉ ታሪክ ቁልፍ እዚህ አለ። ሁለቱ ሲከራከሩ የነበሩት ስለ «ውስጥ» እና ስለ «ውጭ» ነው፤ ሁለቱ ቃላት ደግሞ መቼም አይታረቁም። መሬቱ ላይ የተሰመረው ግን ቃል አይደለም፤ ቦታ ነው። ቦታ ደግሞ ይገፋል።

አስተባባሪዋ ግማሽ ጨረቃውን ወደ ቤቱ ውስጥ ገፋችው። ማለትም በሩ ራሱ ወደ ውስጥ የራሱን ስፋት ያህል ይሸሽ፤ ከፊቱ እንደ ትንሽ በረንዳ ጎድጎድ ያለ ቦታ ይቅር፤ በሩ ወደ ውጭ ይከፈት፤ ጫፉ ግን መንገዱን አይንካ። በሲሚንቶው ወለል ላይ አዲሱን በር አሰመረች።

ጋሼ ጣሳ አንገቱን ነቀነቀ፤ በመስማማት አልነበረም። «በሩ ወደ ቦይለሩ ቀረበ። የሚሸሽ ሰው በእሳቱ አጠገብ ያልፋል። አይሆንም።»

«ቦይለሩ ይሽሽ» አለ የመንገዱ ሰው፤ ሳያስበው ለበሩ መከራከር ጀምሯል።

«ቦይለሩ ከሸሸ ማፍሰሻው ቱቦዬ ላይ ያርፋል!» አለች እስካሁን ተደግፋ ስታይ የነበረችው የፍሳሽ ባለሙያ። «ትኩስ ውሃ ቀጥታ ወደ ዋናው መስመር? እኔ እያለሁ?»

«የት ላይ ነው ቱቦው?» አለች አስተባባሪዋ፣ ጠመኔ እያቀበለቻት። «አሳዪኝ።»

ባለሙያዋ ቀሚሷን ሰብስባ ተንበረከከች። ቱቦውን አሰመረች። ጋሼ ጣሳም ወገቡን ይዞ ወረደ፤ ከቦይለሩ ዙሪያ ሰው የማይቆምበትን ክልል በክብ አሰመረ። ካውያው የቦይለሩንና የማጠቢያዎቹን ቦታ ሳለ፤ የመንገዱ ሰውም የበሩ ጫፍ የማያልፈውን የመንገድ ጠርዝ አሰመረ። የተሳለውን ቦይለር በእጃቸው እያጠፉ በጫማቸው እየፋቁ ወደ ግራ ወሰዱት፤ መልሰው ወደ ኋላ ገፉት። አንዱ መስመር ሲነካ ሌላው ይጮኻል። ውጭ አከራዩ መንገዱን ተሻግሮ መስኮቱ ላይ አፍንጫውን ለጠፈ።

«ምን እየሠሩ ነው?» አለ አዲሱ ተከራይ።

«እኔ እንጃ! ትላልቅ ሰዎች መሬት ላይ ይጫወታሉ።»

በመጨረሻ አንድ ነገር ብቻ እምቢ አለ። ሁለተኛው ማጠቢያ የትም ቢያዞሩት የጋሼ ጣሳን ክብ ይነካል። ሁሉም ካውያውን ተመለከቱት። እሱም ማጠቢያውን ተመለከተው፤ ያን ማሽን ያገኘው ለዓመታት ተመኝቶ ነው።

ጎንበስ አለና የማሽኑን መስመር በእጁ መዳፍ ጠረገው። «በአንዱ እጀምራለሁ» አለ። «ዋናው ነገር ልጀምር።»

ቦታው ገጠመ። አሁን መፈረም ቀረ።

ጋሼ ጣሳ የመንገዱን ሰው አየ፤ የመንገዱ ሰው የፍሳሽ ባለሙያዋን አየ፤ እሷ እስክሪብቶ የጠፋባት መሰለች። እንደገና ሁሉም ሁለተኛ ለመሆን ተሰለፉ። ቀትር ደርሷል፤ አከራዩ በመስታወቱ ላይ በቀለበቱ ቋ ቋ አደረገ።

አስተባባሪዋ ይህን ጠብቃው ነበር፤ ግን እስከዚያች ደቂቃ መልሱን አታውቀውም። «አትፈርሙ» አለች።

«ምን?»

«ማንም አይፈርም። ሁላችሁም በያዛችሁት ጠመኔ፣ ባሰመራችሁት መስመር ላይ ስማችሁን ጻፉ። የራሳችሁ መስመር ላይ ብቻ። እኩል።»

ተያዩ። ጋሼ ጣሳ ሳቅ አመለጠው፤ «እንደ ትምህርት ቤት በይና!» አለ። ከዚያ ሦስቱም በየአቅጣጫቸው ጎንበስ አሉና በአንድ ጊዜ ጻፉ። የመጀመሪያ የለም፤ የመጨረሻ የለም። የእሳቱ መስመር የእሳቱን ሰው ስም፣ የቱቦው መስመር የቱቦዋን ሴት ስም ያዘ። አስተባባሪዋ ወንበር ላይ ወጥታ በስልኳ ፎቶ አነሳችና ለኃላፊው ላከችው።

አከራዩ ገብቶ ኖሯል። «በጠመኔ ፈቃድ ይሰጣል እንዴ? ቁልፉን አምጣ ወንድሜ፤ ሰዓቱ አልፏል።»

«አንድ ጊዜ...» አለ ካውያው።

«አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ እያልክ ዓመት ልትሞላ ነው። አምጣ!»

ካውያው ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። እጁ ላይ እንደያዘው የአስተባባሪዋ ስልክ ጮኸ። ኃላፊው ነው።

«ይሄ ምንድን ነው የላክሽልኝ? የልጆች ሥዕል?»

«መጥተው ይዩት ጋሼ። ቅርብ ነው።»

ወንበር ሲገፋ ተሰማት። «አከራዩ እንዳይሄድ» አለ ኃላፊው።

ላብ አጥምቆት መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ወለሉን ዞሮ ዞሮ አየው። ከዚያ ወደ ውስጥ ሊገባ እግሩን አነሳ፤ የመጀመሪያው መስመር ጋ ሲደርስ ግን ሳይረግጠው ተሻገረው። ሁለተኛውንም ተሻገረው፤ እውነተኛ ግድግዳ ያለ ይመስል አዲሱ በር በተሰመረበት በኩል ዞሮ ገባ። አስተባባሪዋ ያን ስታይ ማጠቢያው ላይ ተደገፈች። መስመር ካልረገጠ አምኖበታል ማለት ነው።

«በዚህ ሥዕል መሠረት ይሠራ» አለ ኃላፊው። «ጊዜያዊ ፈቃዱን ዛሬ ከሰዓት ውሰድ። በሩ ሲገባ ዋናውን ታገኛለህ።» ወደ አከራዩ ዞረ። «ሰምተዋል?»

አከራዩ ሰምቷል። ብየዳ ሠራተኛውም ለሦስተኛ ጊዜ ተጠራ፤ ጣራው ላይ ግን አልገጠመም። ያቺ በሩ ፊት የቀረችው ጎድጓዳ ቦታ ዝናብ ሲመጣ መንገደኛ የሚጠለልባት ሆናለች፤ ተጠልለው ቆመው ወደ ውስጥ ያያሉ፤ ነገ ደግሞ ኮታቸውን ይዘው ይመጣሉ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ግን አንድ በር አንድ በር ነው። አስተባባሪዋን የከነከናት ሌላ ነገር ነው፤ ካውያው ይህን ሁሉ ያየው ቤት ተከራይቶ፣ ቦይለር ተክሎ፣ ጨርቁን ከቆረጠ በኋላ ነው። ጨርቁ ከመቆረጡ በፊት የሚሰመርበት ጠረጴዛ የት አለ?

ስለዚህ አሁን የምትሞክረው ይህን ነው። በመሥሪያ ቤቱ ምድር ቤት የተሰባበረ ወንበር የታጎረበት አዳራሽ ነበር። አስጠረገችው። ነጋዴ ውል ከመፈረሙ በፊት ሊከራየው ያሰበውን ቤት ለክቶ ይመጣል፤ ወለሉ ላይ በእውነተኛ መጠኑ ይሰመርለታል፤ ተቆጣጣሪዎቹ በአንድ ላይ ይገባሉ፤ በየመስመራቸው ይጽፋሉ። መመሪያ ገና የላትም። ጋሼ ጣሳ ይመጣል፤ የመንገዱ ሰው ተለምኖ ይመጣል፤ የፍሳሽ ባለሙያዋ ወደ ሌላ ክፍል ተዛውራለች፤ ተተኪዋ «እኔ በጉልበቴ አልንበረከክም» ብሏል። ኃላፊው ቢሮውን ለጊዜው ወደ ምድር ቤት አውርዷል፤ ላይኛው ፎቅ ይታደሳል። ነገሩን «እያየሁት ነው» ይላል።

ዛሬ ባለተራዎቹ የእህል ወፍጮ ሊከፍቱ ያሰቡ ባልና ሚስት ናቸው። የቤት ውላቸውን የሚፈርሙት ከሰዓት ነው። የወፍጮው ቤት ረጅም ነው፤ ከአዳራሹ ይረዝማል። አስተባባሪዋ መስመሩን እየሳበች አዳራሹን ጨርሳለች፤ በሩን አልፋ ኮሪደሩን ተሻግራለች፤ የዱቄት ብናኙ መውጫ የት እንደሚያርፍ ግን ገና አልታየም። ባልና ሚስቱ ከኋላዋ ቆመዋል፤ ሚስትየዋ የባሏን እጅጌ ጨምቃ ይዛለች።

መስመሩ የተዘጋ በር ሥር ገብቷል። የኃላፊው ቢሮ ነው።

አስተባባሪዋ በጉልበቷ እንደሆነች አንኳኳች።

«ማን ነው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ። ጠረጴዛዎን ትንሽ ወደ መስኮቱ ያስጠጉልኝ፤ ወፍጮው እርስዎ ጋ እየገባ ነው።»

ጠመኔዋን ከመስመሩ ጫፍ ሳታነሳ ትጠብቃለች።